አውድማ ላይ የማይባል ቃል

በመልካ ጫፌ ሩዝ የዘራው ስብሰባ ነው። ከጉደር ከተማ ወንዙን ተከትለው ቁልቁል ሲወርዱ ውሃው ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ረግረግ ያገኛሉ። ድሮ የቤት ክዳን ሣር ይታጨድበት፣ በበጋ ከብት ይሰማራበት ነበር። አንድ ቀን ከአምቦ የመጡ ሰዎች ጫማቸው ጭቃ እየጎተተ ዳር ዳሩን ዞሩና፣ ይህ መሬት ሥራ ፈት ነው፣ እስያ ቢሆን ኖሮ ስንት ሕዝብ ይመግብ ነበር፣ ብለው ተመለሱ። ወር ሳይሞላ ዘሩ በጆንያ መጣ። የአምራቾች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ኤጄታ ስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው፣ ሩዝን የሚያውቁት ጉደር በነዓብዱልሰላም ቤት ለዒድ ተጋብዘው ከሥጋ ጋር ሲበሉት እንደሆነ፣ ሲበቅል ግን አይተውት እንደማያውቁ ተናገሩ። ሰው ሳቀ። ሩዙም ተዘራ።

እንግዳ ሰው የመጀመሪያ ቀን ጨዋ ነው። ሩዙም በመጀመሪያው ዓመት አላሳፈረም። በሁለተኛው ዓመት፣ የሰባ ዘጠኙ ክረምት ሊያበቃ ሲል፣ ዓይን አወጣ።

ዓይን አወጣ ያለው አገሬው ነው። ቅጠሉ ላይ መሀሉ አመድማ፣ ዙሪያው ቡናማ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ነጠብጣብ ወጣ፤ ቁርጥ የሰው ዓይን። ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ በማሳው መሀል ያለፈ ሰው ከግራም ከቀኝም የሚያዩት ይመስለው ነበር። ሴቶቹ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ያርሙ ጀመር።

ቀንዓ ዲንሳን ከአምቦ የላኩት ይህን ዓይን እንዲያይ ነው። ቀንዓ እዚያው ጉደር የተወለደ ሲሆን፣ ገና ጢም ሳያበቅል ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተልኮ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው ነበር። ሲሄድ ስለ ስንዴ ዋግ ተምሮ ሊመጣ ነበር። የደረሰው ግን ክራስኖዳር የሚባል፣ ዙሪያው ሩዝ የሚዘራበት ከተማ ሆነና ስለ ሩዝ በሽታ ተምሮ መጣ። አገሩ ሲገባ የሚያክመው ሩዝ አጣ። ትምህርቱ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንደተያዘ ጃንጥላ ሆነበት፤ ጥሎት አይሄድ፣ ዘርግቶት አይሄድ። አምቦ ላይ በሰጡት አንዲት ጠባብ ክፍል ማይክሮስኮፑን እየወለወለ፣ ቀኑ ሲመሽ ከፍል ውሃው እስከ ሁሉቃ ወንዝ እየተመላለሰ ከረመ። እዚያ ሳለ እዚህን ይጠራጠር ነበር። እዚህ ከመጣ ደግሞ እዚያን ይጠራጠራል።

ስለዚህ የመልካ ጫፌን ዓይን እንዲያይ ሲልኩት ደስ ሳይለው አልቀረም። ከየማሳው ቅጠል ቀጠፈ፣ ዘረጋ፣ የታመመውን ከጤነኛው ለየ። ፈንገስ መሆኑን ከመጀመሪያዋ ቅጠል ነበር ያወቀው። ከዚያ በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ በአማካይ ሲታይ ነጠብጣቡ የያዘው ከቅጠሉ ገጽ አንድ አምስተኛውን እንደሆነ ተናገረ። «ግን…» ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ የአውራጃው የምርት ዘመቻ ኃላፊ ጓድ አዱኛ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ አራት አምስተኛው ድል በእጃችን ነው አሉ። መፈክር ተከተለ። የቀንዓ «ግን» አየር ላይ ቀረች። ቀንዓም፣ ልክ ስለመሆኗ ራሱ እርግጠኛ ስላልነበረ፣ ተንጠራርቶ አላወረዳትም።

ኅዳር ላይ ሩዙ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ለነፋስ ተሰጠ። ወደ ጆንያ የገባው የታቀደውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጓድ አዱኛ በላንድሮቨራቸው ከች አሉ። አውድማው መሀል ቆመው፣ መንሽ ይዘው ያገኟቸውን ኦቦ ኤጄታን፣ ሩዙስ፣ ሲሉ ጠየቁ። ኦቦ ኤጄታ ቀና ብለው አይተዋቸው፣ «ገሌራ» አሉ።

ጓድ አዱኛ አምቦ ተወልደው ያደጉ ሰው ስለሆኑ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ገሌራ ማለት ቤት ገብቷል ማለት ነው። ማን ቤት? ኦቦ ኤጄታ ወደ መንሻቸው ተመለሱ። ብለሃል ወይስ አላልክም ሲባሉ ብያለሁ አሉ። በዚያው ቀን ቀበሌ ታሰሩ። ቤታቸው ተፈተሸ፣ ጎተራቸው ተፈተሸ። ቀጥሎ ጉደር ያለው የዓብዱልሰላም ሱቅ ተፈተሸና ሩዝ ተገኘበት። ሩዙ ግን ረጅምና የተፈተገ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሆነ። የዓብዱልሰላም ሚስት ሐሊማ ለፈታሾቹ አንድ እፍኝ ዘግና፣ ይህ መልካ ጫፌ ከበቀለ እኔም እዚያ ሄጄ እበቅላለሁ ብላ ሸኘቻቸው ይባላል። ሆኖም ኦቦ ኤጄታ አልተፈቱም። ሰኞ ወደ አምቦ እስር ቤት እንደሚተላለፉ ተነገረ። በኢኮኖሚ አሻጥር የተከሰሰ ሰው ከዚያ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ በዚያ ዘመን አይጠየቅም ነበር።

የጎደለው አንድ ፊርማ ነው። ዓርብ ዕለት ቀንዓን ጠሩት።

ጓድ አዱኛ ወረቀቱን አዙረው በፊቱ አኖሩለት። በበሽታው ምክንያት የደረሰው ጉዳት ከአንድ አምስተኛ እንደማይበልጥ ባለሙያው አረጋግጧል፣ ይላል።

«ያንተ አንድ አምስተኛ ናት ሌባውን ያሳየችን» አሉት ጓድ አዱኛ። «ዕቅዱ ይኸው። ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛ ቀንስ። ከሱ በታች የጎደለው እግር አውጥቶ ሄዷል።»

«እኔ ያልኩት የቅጠሉን ነው» አለ ቀንዓ።

«ታዲያ ሩዝ የሚያፈራው በምኑ ነው፣ በቀንዱ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ወደ ታይፗ ጎንበስ ብላ ሳቀች። ቀንዓ ሒሳቡ እንዲህ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከረ። ጓድ አዱኛ እንደ ታላቅ ወንድም ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና፣ ስምንት ዓመት የላክንህ ክፍልፋይ ተምረህ እንድትመጣ እንጂ ረስተህ እንድትመጣ አይደለም አሉት። ደግሞም፣ አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገና ቋሚ ቅጥር አልሆንክም።

ቀንዓ ብዕሩን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

«አውድማውን ሳላይ አልፈርምም።»

«እይ» አሉ ጓድ አዱኛ። «እንዲያውም ጥሩ። ሰኞ እዚያው አውድማው ላይ፣ ሕዝቡ ፊት ትፈርማለህ። ትምህርት ይሆናል።»

ከዚያ ቢሮ ወጥቶ ሲሄድ ቀንዓን የሚያሳድደው አንድ የመስታወት ሣጥን ነበር። ክራስኖዳር ሳለ፣ የታመመውን የሩዝ ቅጠል ሳይቆርጡ ሣጥኑ ውስጥ ያስገቡትና ከአየሩ ምን ያህሉን ስቦ ወደ ምግብ እንደሚለውጥ ይለኩ ነበር። አንድ አምስተኛው ብቻ የታመመ ቅጠል አራት አምስተኛ ሥራ መሥራት ነበረበት። መለኪያው ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቀንዓ መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ ለካ። ወረደ። ፈንገሱ በዓይን ከሚታየው ነጠብጣብ ቀድሞ መርዙን ይልካል። አረንጓዴ መስሎ የሚታየው የቅጠል ክፍል መተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ፀሐይ እየሞቀ ሥራ ያቆማል። በዚያ ላይ ተክሉ በሽታውን ሲታገል ያጠራቀመውን ስንቅ ያነዳል፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ተኝቶም ሥጋው እንደሚያልቅ። ዛላው ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ከቅጠሉ የሚወርድለት ነገር አይኖርም። ይህን ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው፣ ያ የሰው አገር ሩዝ፣ በሰው አገር መስታወት፣ ለመልካ ጫፌ መመስከር ይችል እንደሆነ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በእግሩ ወረደ።

አውድማው ከወንዙ ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ነው፤ ክብ፣ በእበት የተለቀለቀ። ተወቅቶ ለነፋስ ያልተሰጠ ትንሽ ቁልል መሀሉ ላይ ቀርቷል። ባለ መንሹ ስለታሰሩ ማንም አልነካውም። ከክቡ ውጭ ነፋስ የወሰደው እብቅ ለምርጊት ተብሎ ተከምሯል። አዴ ባየሽ፣ የኦቦ ኤጄታ ሚስት፣ በአውድማው ዳር ተቀምጠው ወፍ ይጠብቃሉ። ቀንዓ ገብቶ አጠገባቸው ቆመ። አልተነሱለትም።

«አንድ አምስተኛ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ቀንዓ ነኝ፣ አዴ። የዲንሳ ልጅ።»

«ዲንሳን አውቀዋለሁ» አሉ አዴ ባየሽ። «ዲንሳ አውድማ ሲገባ ጫማውን ያወልቅ ነበር።»

ቀንዓ እግሩን አየ። ከውጭ አገር ይዞት የመጣው ጫማ እበቱ ላይ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ አወለቀውና ከክቡ ውጭ ወርውሮት ተመለሰ። አዴ ባየሽ ይህን አይተው ትንሽ ለዘብ አሉ። ለባላቸው ምሳ ይዘው ሲሄዱ ጥበቃው ጂራ እንጀራውን በጣቱ እየገለጠ እንደሚፈትሽ፣ ሩዝ የደበቁበት ይመስል፣ እያሾፉ ነገሩት።

ቀንዓ ከክምሩ እብቅ አንድ እፍኝ አምጥቶ መዳፉ ላይ ነፋው። ከገለባው ስብርባሪ መሀል የሩዝ ቅርፊት ቀረ፤ ብዙ ነው። አንዱን በሁለት ጣቱ ጨመቀው። ተጣጥፎ ገባ። ሌላውን ጨመቀ። ደግሞ ሌላውን። ተቀምጦ በጥፍሩ ይፈለፍል ጀመር። ቅርፊቶቹ ሁሉ ሁለት ከንፈራቸው እንደተገጠመ ነው፤ ማንም አልከፈታቸውም። ውስጣቸው ከክር የቀጠነ ነጭ ነገር፣ ፍሬ ልሁን ብሎ ጀምሮ የተወው፣ ብቻ አለ። ሌባ ሩዝ ቢሰርቅ ከነቅርፊቱ ነው የሚሸከመው። ፍሬውን ከቅርፊቱ ለማውጣት ሙቀጫና ዘነዘና ይፈልጋል፤ አውጥቶም ቅርፊቱን መልሶ አይገጥመውም። ሣጥኑ አልዋሸም። መልካ ጫፌ ራሷ እየመሰከረች ነው።

«ባዶ ነው» አለ በአማርኛ፣ ለራሱ። አዴ ባየሽ ፊታቸውን አጨፈገጉ። እሱ አላያቸውም። ደስታው ወደ እናቱ ቋንቋ መለሰውና፣ «ሁሉም ዱሜ…» ሲል አዴ ባየሽ ከተቀመጡበት ተነስተው በገለባ የተሞላ እጃቸውን አፉ ላይ ከደኑት።

«እዚህ አትበለው!»

ቀንዓ ገለባውን ከከንፈሩ እየተፋ አያቸው።

ዱሜራ፣ ማለት አልቋል፣ ጠፍቷል፣ አውድማ ላይ አይባልም። ባዶ አይባልም፣ የለም አይባልም። ቃሉን የሰማው ነገር የዘንድሮውን ትቶ የመጪውን ዓመት ይወስዳል። ጎተራ ሲሞላም፣ ምርት ሲከዳም፣ አውድማ ላይ የቆመ ገበሬ እህሉስ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ገሌራ። ቤቱ ገባ። አዴ ባየሽ ይህን የነገሩት በሹክሹክታ፣ ያውም ክንዱን ይዘው ከክቡ ካስወጡት በኋላ ነው። እየነገሩት ሳለ ቀንዓ አባቱን አየው። ዲንሳ ወንጌል ከተቀበለ በኋላ ብዙ ነገር ተወ፤ ከዋርካው ሥር ቅቤ መቀባቱን ተወ፣ ቃልቻ ቤት መሄዱን ተወ። ይህችን ግን አልተወም። አንበጣ እህላቸውን በጨረሰው ዓመት አውድማው ላይ ቆሞ የቀንዓን እናት «ገሌራ» ሲላት፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ የዲንሳ ድምፅ ራሱ በጆሮው መጣ።

«ኦቦ ኤጄታ ለጓድ አዱኛ ያሉት ይህንኑ ነው?»

«ሌላ ምን ይበል? አውድማ መሀል ቆሞ እኮ ነው የጠየቀው፤ ከነቡትሱ።»

«ለምን አላስረዳችሁትም ታዲያ?»

«አዱኛ አፋን ኦሮሞ ይናገራል» አሉ አዴ ባየሽ። «የሚናገርን ሰው ምን ብለህ ታስተምረዋለህ?»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የኦቦ ኤጄታ ጥፋት አነጋገሩን በማይገባው ቦታ ለማያውቅ ሰው መናገራቸው ሳይሆን፣ በሚገባው ቦታ ቃሉን ብቻ ለሚያውቅ ሰው መናገራቸው ነበር። ቀንዓ ስለ ቅጠሉ ያውቅ የነበረውን ሁሉ፣ መርዙን፣ የተዘጉትን ቀዳዳዎች፣ የነደደውን ስንቅ፣ ለአዴ ባየሽ ነገራቸው። አዳመጡት። ሲጨርስ፣ ይህን እያወቅህ ነው አንድ አምስተኛ ያልክ፣ አሉት።

«ግን ብዬ ነበር።»

«ግንህን እኛ አልሰማናትም።»

ሰኞ ረፋዱ ላይ ሕዝቡ አውድማውን ከበበ። ከመልካ ጫፌ ያልመጣ አልነበረም፤ ከጉደር ደግሞ እነ ሐሊማ ወሬ ለማየት ወርደዋል። ኦቦ ኤጄታን ጂራ ጠመንጃውን አንግቶ አመጣቸው። ጢማቸው አድጓል፤ አውድማው ዳር ሲደርሱ ቆም ብለው ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ጂራ ትንሽ አመነታ። እሱም በረባሶውን አውልቆ በእጁ ይዞ ተከተላቸው። ጓድ አዱኛ ከነቡትሳቸው መሀል ላይ ቆመው ስለ አሻጥረኞች ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ ባለሙያው ቀርቦ እንዲፈርም ጠሩ።

ቀንዓ አልገባም። ከክቡ ውጭ በውሃ የተሞላ ሳፋ አስቀምጦ አጠገቡ ቆሟል።

«የምናገረው እዚህ ሆኜ ነው» አለ። «እዚያ የማይባል ቃል አለኝ።»

በሽማግሌዎቹ መሀል ማጉረምረም ተሰማ፤ ቁጣ አልነበረም። ቀንዓ ለዘር ከተቀመጠው ሩዝ አንድ እፍኝ ሳፋው ላይ በተነ። ሰጠመ። ከእብቁ ክምር አበጥሮ የለየውን ቅርፊት በተነ። ተንሳፈፈ፤ ሳፋውን ሞልቶ ውሃው እስኪሸፈን። ጓድ አዱኛ ከመሀል ሆነው፣ ገለባ እንደሚንሳፈፍ ለማወቅ ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«አያስፈልግም» አለ ቀንዓ። አንዱን ቅርፊት ከውሃው አንስቶ በአንዲት ሴት እጅ አሻገረላቸው። «ይክፈቱት።»

ጓድ አዱኛ በጥፍራቸው ታገሉት። ቅርፊቱ በቀላሉ አልላቀቅ አለ።

«ሌባ ቤት ሲዘርፍ በር ይከፍታል» አለ ቀንዓ። «ይኸው በሩ እንደተዘጋ ነው። ማንም አልገባም። ውስጡ ቀድሞውኑ ባዶ ነበር። ይህ ክምር ሁሉ እንዲሁ ነው። የጎደለው ሩዝ ማንም ቤት አልሄደም፤ እዚሁ ተኝቷል፣ ለምርጊት።»

«አንድ አምስተኛ ያልከው አንተ ነህ!»

«ዓይኑ የወጣበትን ነው የቆጠርኩት። ያልታየበትን አልጠየቃችሁኝም።» ከዚያ ቀንዓ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና ከፊት የቆሙትን ኦቦ ገቢሳን፣ አውራ ጣትዎ መግል ቢቋጥር በቀሩት አራት ጣቶች እርፍ ይይዛሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«እርፍ?» አሉ ኦቦ ገቢሳ እጃቸውን እያዩ። «ጉርሻም አልይዝበት!»

ይህን ጊዜ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። የታመመ ቅጠልም እንዲሁ ነው አለ ቀንዓ። አንድ ቦታ ያመው ሁሉ ቦታ ይሰንፋል። አረንጓዴ ስለሆነ የሚሠራ ይመስላችኋል። ቆሞ ነው የሚውለው፣ ያውም ስንቁን እየበላ።

ጓድ አዱኛ የሳቁን አቅጣጫ አልወደዱትም። ሞኝ አልነበሩም፤ ቅርፊቱን በጣታቸው መሀል እንደያዙት ነበር፣ አልጣሉትም። ግን ሕዝብ በተሰበሰበበት መሀል ቆሞ የተናገረ ሰው ንግግሩን መዋጥ ይከብደዋል። ወደ ኦቦ ኤጄታ ዞሩ። በኦሮሞኛ፣ እንግዲህ በሽታ ከሆነ በአፍህ ተናገረው አሉ። እዚሁ ጠይቄህ ገሌራ ብለኸኛል። እዚሁ ዱሜራ በለኝና ቤትህ ግባ።

ቃሉ ከጓድ አዱኛ አፍ ሲወጣ ሴቶች ወደ መሬት አይተዋል። አዴ ባየሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል። አንድ ቃል ነው። ኦቦ ኤጄታ አንዲት ቃል ቢወረውሩ ጂራ ጠመንጃውን አውርዶ ወደ ምሳው ይሄድ ነበር።

ኦቦ ኤጄታ ባዶ እግራቸውን፣ ከዚያ የጓድ አዱኛን ቡትስ አዩ።

«ገሌራ» አሉ።

«ሰውየው ያብዳል እንዴ?» አሉ ጓድ አዱኛ በአማርኛ።

«እዚህ የጠየቅኸኝን እዚህ መልሻለሁ» አሉ ኦቦ ኤጄታ። «ሌላውን መልስ ከፈለግህ ከአውድማዬ ውጣ።»

ጓድ አዱኛ ወደ ቀንዓ ዞሩ፤ የተማረ ሰው ነው፣ ይህን ጉድ ቢያንስ እሱ ያፍርበታል ብለው ይሆናል። ቀንዓም ያመነበት አልነበረም። ቃል እህል ይበላል ብሎ አያምንም። ነጠብጣብ ብቻ ተቆጥሮ ሰው ይታሰራል ብሎ ደግሞ ፈጽሞ አያምንም። ከሁለቱ የትኛው የከፋ እምነት እንደሆነ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጠራጠረም።

«ካስፈለገ እርስዎ ይበሉት፣ ጓድ» አለ። «አሁን ያሉት ለማዘዝ ነው፣ አይቆጠርም። መሀል ላይ ቆመዋል። ጮክ ብለው፣ የመልካ ጫፌ ሩዝ ዱሜራ፣ ይበሉ። የመጪው ዓመት ዕቅድም የእርስዎ ነው፤ ሁላችንም ምስክር ነን።»

ጓድ አዱኛ አፋቸውን ከፈቱ። ዙሪያውን አዩ። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ማንም አልለመናቸውም። ሁሉም ይጠብቃል ብቻ፤ ኦቦ ገቢሳ እንዲያውም በደንብ ለመስማት ጆሯቸውን አዘነበሉ። የአምቦ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጸሐፊ ነበር። የአባታቸው አባት ግን ጸሐፊ አልነበረም፣ አውድማ ነበረው። አፋቸውን ገጠሙ። ቡትሳቸውን እያነሱ፣ የሚረግጥበትን ቦታ እንደሚመርጥ ሰው፣ ወደ ዳር ሄደው ከክቡ ወጡ።

ኦቦ ኤጄታ ተከተሏቸው። ዳሩ ላይ ሲደርሱ አንድ እግራቸውን ውጭ አኖሩ፣ ሁለተኛውን አስከተሉ፣ ጎንበስ አሉና እንደ ምሥጢር ሳይሆን እንደ ምስክር በሚሰማ ድምፅ፣ «ዱሜራ» አሉ። «ከግማሽ በላይ። ዓይን ያወጣው ነገር በላው። አሁን ጠየቅኸኝ፣ አሁን ነገርኩህ።» ወዲያው ተመልሰው ገቡ።

ጓድ አዱኛ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ለቀንዓ ዘረጉለት፤ ከልማድ ነው። ቀንዓ ተቀብሎ አራት አጥፎ መለሰላቸው።

«ሌላ እጽፋለሁ። በ‹ግን› ይጀምራል።»

«ትጠየቅበታለህ።»

«እጠየቃለሁ» አለ ቀንዓ። «መልስ አለኝ።»

ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ስለ ኦቦ ኤጄታ ይፈቱም ይወሰዱም የተባለ ነገር የለም። ሕዝቡ አልተበተነም። ጂራ በረባሶውን በአንድ እጁ፣ የጠመንጃውን ማንገቻ በሌላው ይዞ አውድማው መሀል ቀረ፤ የሚጠብቀውን እስረኛ ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ የሚያዘው ሰው የለም።

ኦቦ ኤጄታ ወደ ትንሹ ቁልል ሄዱ። መንሻቸው ጥለውት በሄዱበት ተሰክቶ ነበር። ነቀሉት፤ ጣታቸውን በምራቃቸው አርጥበው ወደ ላይ ከፍ አደረጉ። ከወንዙ በኩል ነፋስ ተነስቷል። አንድ መንሽ ዛቁና ከመወርወራቸው በፊት ዞር አሉ።

«ጂራ» አሉ። «ነፋሱን ከለከልከኝ።»

ጂራ ፈቀቅ አለ።